ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ እንዴት እንደሚገባ፦ ፋይል ሳይጠፋ፣ አማርኛ ሳይበላሽ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለኝ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ ከዊንዶውስ ሌላ አላውቅም ነበር። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ካሉት ሦስት ኮምፒውተሮች ሁለቱ ሊኑክስ ናቸው፤ ሊኑክስ በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሲስተም ነው። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ያስቸገረኝ የፈራሁት ነገር አልነበረም። የፈራሁት ተርሚናል የሚባለውን፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ጥቁር መስኮት ነበር። እሱን ለሳምንታት መክፈት እንኳ አላስፈለገኝም። ያስቸገሩኝ አማርኛው፣ የድሮ ፋይሎቼ፣ ፕሪንተሩና ሌላ ነገር የለመደው እጄ ናቸው።

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየመጣ ይጠይቀኛል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። እኔ ጋ የሚመጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዚያ የቆዩ ናቸው። ማሽኑ ግን ገና ደህና ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ "አርጅቷል" ብሎ መጣል ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ከእኔ ስህተት የወጣ ቅደም ተከተል ነው።

1ኛ፦ ዊንዶውሱን ሳትነኩ ፕሮግራሞቹን ቀይሩ

እኔ ሁሉንም ነገር በአንድ ቅዳሜ ቀየርኩት። ሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛ በአስቸኳይ የሚፈለግ ደብዳቤ ይዞ መጣ። እኔ የገጽ ቁጥር ከየት እንደሚገባ እፈልጋለሁ፣ እሱ ሰዓቱን ያያል። ያን ቀን ሊኑክስን ጠላሁት። ጥፋቱ ግን የሊኑክስ አልነበረም። አዲሱን የጽሕፈት ፕሮግራምና አዲሱን ሲስተም በአንድ ላይ ለመልመድ መሞከሬ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል እዚያው ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ ሊብሬኦፊስን ተጠቀሙ። ለድረ ገጽ ፋየርፎክስ፣ ለፊልም ቪኤልሲ፣ ለፎቶ ጊምፕ አለ። ሁሉም ነፃ ናቸው። ሁሉም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራሉ። ወሩ ሲያልቅ ሲስተሙን ብትቀይሩ በየቀኑ የምትነኳቸው ነገሮች ያው የለመዳችኋቸው ይሆናሉ።

ሊብሬኦፊስ ላይ አንድ ነገር ከመጀመሪያው አስተካክሉ። ፋይል ሲያስቀምጥ ኦዲቲ በሚባል በራሱ ዓይነት ነው የሚያስቀምጠው። ወርድ ለሚጠቀም ሰው የምትልኩ ከሆነ ዶክስ ኤክስ ብላችሁ አስቀምጡ። ሰውየው የሚያነበው ብቻ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጉት። ፒዲኤፍ የትም ቢከፈት መልኩን አይቀይርም።

2ኛ፦ አማርኛውን አስቀድማችሁ አስተካክሉ

ይህን ከሌላው ሁሉ አብልጬ እላችኋለሁ። የእኛን ሰው ሊኑክስ ሞክሮ ወደ ዊንዶውስ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ብዙዎቻችን በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነው መጻፍ የተማርነው። ሁለቱም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። በምትካቸው ኪማን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል። ውስጡ "ጂኤፍኤፍ አማርኛ" የሚባለውን ኪቦርድ ጫኑበት። አጻጻፉ በድምፅ ነው፤ "ሰላም" ለማለት በእንግሊዝኛ ፊደል ሰላም ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ትልቁና ትንሹ ፊደል ግን ይለያያል። ትንሹ ቲ "ት" ሲሰጥ ትልቁ "ጥ" ይሰጣል። እጅ እስኪለምደው ሳምንት ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እሱንም ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ ልመዱት። ሊኑክስ ስትገቡ ያው ኪቦርድ ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ የድሮ ፋይሎች። ሊኑክስ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው መጡ። የአባላት ዝርዝር ነው፤ ስምና መዋጮ። ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ገጹ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ነው። ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደገና አድርገው አዩት።

"ልጄ፣ ጠፋ ማለት ነው? የስንት ዓመት ልፋቴ ነው እኮ!"

"አይጨነቁ ጋሼ፣ አልጠፋም" አልኳቸው። እውነት ለመናገር ልቤ ይመታ ነበር።

አልጠፋም ነበር። የሆነው እንዲህ ነው። ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ሥርዓት ነው፤ የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጡበት ነበር። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ሰው በነዚያው ፎንቶች መጻፉን ቀጠለ። እንዲህ ያለ ፋይል አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ ማሽኑ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ እውነተኛ መልኩ ይወጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ "ፎንትስ" የሚለውን ክፈቱ። የምትጠቀሙባቸውን የአማርኛ ፎንቶች ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ሊኑክስ ላይ ሆም በሚባለው የራሳችሁ ፎልደር ውስጥ "ፎንትስ" የሚል አዲስ ፎልደር ክፈቱ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ትንሽ ፊደል ሆኖ ከፊቱ ነጥብ ይኑረው። ፎንቶቹን እዚያ ጨምሩና ሊብሬኦፊስን ዘግታችሁ ክፈቱት። የእድሩ ዝርዝር እንደዚያ ነው የተመለሰው። ጸሐፊው ስሞቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

የናንተ ፋይል የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ አንድ አንቀጽ ቅዱና በቴሌግራም ወደ ስልካችሁ ላኩ። ስልኩ ላይ አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው፤ የትም ይከፈታል። ካልተነበበ ፎንቱን አትርሱ።

ሌላው ኒያላ ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ፎንት ነው፤ ሊኑክስ ላይ የለም። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት በሌላ የአማርኛ ፎንት ይተካል። ፊደሉ ይነበባል፤ ግን መስመሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ 10 ገጽ የነበረው 11 ይሆናል። ለአዲስ ጽሑፍ ኖቶ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ተጠቀሙ። ሁለቱም ነፃ ስለሆኑ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ መጫን ይቻላል።

3ኛ፦ የማይሻገረውን ጻፉ

ወረቀት አውጡና የምትተዳደሩበትን ፕሮግራም ጻፉ። የሂሳብ መዝገብ የሚያዝበት ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው። አውቶካድና ፎቶሾፕም ለሊኑክስ አልተሠሩም። የጤና ጥናት የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን የሚወዱት ኢፒዳታ 3.1 የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞቹ ስታታና አር ግን ለሊኑክስም አሉ።

ወይን የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ ነገር አለ። አንዳንዱን ያስነሳል፣ አንዳንዱን እምቢ ይላል። እንጀራችሁ የተንጠለጠለበትን ፕሮግራም በእሱ አትመኑ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካላችሁ ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን ጫኑ። መመረቂያውን ሊያስረክብ አንድ ወር የቀረው ተማሪ ደግሞ እባክህ እስክትጨርስ ጠብቅ።

4ኛ፦ የትኛውን ሊኑክስ? እንዴትስ ይወርዳል?

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ነው፤ ምርጫው ብቻ ሰው ያደክማል። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው እኔ የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ታች የስታርት ምናሌ አለው፣ መስኮቱ የሚዘጋው በቀኝ በኩል ነው፤ ዓይን አይደናገርም። ራሙ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን የሚንት ዓይነት ውሰዱ። 8 ጊጋ ካለው ሲናመን ይሻላል።

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ባይት ይጠጋል። በቀን ዳታ አታውርዱት፤ የሌሊት ጥቅል ግዙ። በቀጥታ ከማውረድ ደግሞ በቶረንት ይሻላል። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ሲጨርስም ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ራሱ ያረጋግጣል። ከዚያ 8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጁና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ጻፉበት። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

5ኛ፦ ፋይላችሁን ከማሽኑ አውጡ

"ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እደነግጣለሁ። ብዙ ጊዜ ሲ እና ዲ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሊኑክስ ሲጫን "ዲስኩን አጥፋ" የሚለውን ከመረጣችሁ ዲም አብሮ ይሄዳል። የአክስቴ ልጅ የሠርጓን ፎቶዎች ያጣችው እንደዚህ ነው፤ ሲ ብቻ የሚጠፋ መስሏት ነበር። በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ እዩ።

6ኛ፦ ሳትጭኑ ሞክሩት

ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን የምትፈልጉ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ሳላችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ "ፋስት ስታርታፕ" የሚለውን አጥፉ፤ እሱ ካለ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ ዲስኩ ላይ መጻፍ ሊከለከል ይችላል። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለ የማስከፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። በዲስክ ማኔጅመንት በኩል ሲ ድራይቭን ቀንሳችሁ ቢያንስ 50 ጊጋ ባዶ ቦታ ተዉ።

ከዚያ ፍላሹን ሰክታችሁ አስነሱ። ማሽኑ ሲነሳ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ደጋግማችሁ ስትጫኑ ከየት ልነሳ ብሎ ይጠይቃል። ፍላሹን ምረጡ። ሚንት ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይከፈታል። ዋይፋይ ያገኛል? ድምፅ አለው? ፕሪንተሩ ያትማል? ሁሉንም እዚህ ጋ ፈትሹ። ዋይፋዩ ካልታየ ስልካችሁን በኬብል ሰኩና የስልኩን ኢንተርኔት በዩኤስቢ አጋሩት። ሊኑክስ ወዲያው ያውቀዋል። ከተጫነ በኋላም "ድራይቨር ማናጀር" የሚለውን ከፍታችሁ የጎደለውን ድራይቨር በዚያው ኢንተርኔት ታወርዳላችሁ።

7ኛ፦ ጫኑት

ይህ ክፍል አጭር ነው። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ሁለቴ ንኩ፣ ቋንቋና ሰዓት ምረጡ፣ ከዊንዶውስ ጎን ወይም ብቻውን መሆኑን ወስኑ። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ሳይኖር አትጀምሩ፤ የመብራታችንን ነገር ታውቁታላችሁ።

8ኛ፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ወደ ዊንዶውስ ተመልሳችሁ ስትገቡ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ባትሪው አላለቀም። ሊኑክስ ማሽኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገሩን ሰዓት። እኛ ከዓለም አቀፉ 3 ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ ልክ 3 ይሆናል። ሊኑክስ የአገሩን ሰዓት እንዲጠቀም የሚያደርግ የአንድ መስመር ትዕዛዝ አለ፤ "ታይምዴትሲቲኤል" ብላችሁ ፈልጉት።

ሲ እና ዲ የሚባል ነገር አታገኙም። የናንተ ዕቃ ሁሉ ሆም ውስጥ ነው። ፍላሽና ሌላ ዲስክ በግራ በኩል ይታያሉ።

ፍላሽ ካልኩ ይህን ልጨምር። ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ የለም። ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ተማሪዎች "ባዶ ሆነብኝ" ብለው የሚያመጡትን ፍላሽ ሊኑክሱ ላይ እሰካዋለሁ። ብዙ ጊዜ ፎልደሮቹ ወዲያው ይታያሉ፤ ካልታዩ ኮንትሮልን ይዤ ኤችን እጫናለሁ። እውነተኛውን ፋይል ገልብጬ ፍላሹን ፎርማት አደርገዋለሁ። ልጆቹ ፋይላቸውን ሲያዩ ፊታቸው የሚፈካውን ብታዩት ደስ ይላችኋል።

ታይምሺፍት የሚባለውንም አብሩት። ማሻሻያ አንድ ነገር ቢያበላሽ ሲስተሙን ወደ ትናንቱ ይመልሰዋል። የናንተን ፋይል ግን አያስቀምጥም፤ ለእሱ የውጭ ሃርድ ዲስኩ ይኑራችሁ።

ፕሪንተር ላይ ዕድል አለበት። የኤችፒ ፕሪንተሮች አብዛኞቹ እንደሰካችኋቸው ይሠራሉ። አንዳንድ የካኖን ሌዘሮች ግን ድራይቨራቸውን ከካኖን ድረ ገጽ አውርዱ ይላሉ፣ ከዚያም በኋላ ያስቸግራሉ። እኔ ጋ ያለው አንዱ ካኖን እስካሁን እሺ አላለኝም። ሦስተኛውን ኮምፒውተር ዊንዶውስ አድርጌ የተውኩት ለእሱና ለፒችትሪ ነው። ሊኑክሶቹ ላይ የሚጻፈውን ፒዲኤፍ እያደረግኩ ወደዚያኛው እልክና ከዚያ አትማለሁ።