ትንሽ ሩዝ፣ አንድ ሾርባ፣ ሦስት ማባያ፦ የጃፓኖችን ገበታ ቤታችን ውስጥ እንዴት እናሰናዳ?

ጃፓኖች ለምን ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ አረንጓዴ ሻይ ይላችኋል፣ ሌላው አሳ፣ ሌላው ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር)። እኔ በሻይው አምኜ ሁለት ወር ሙሉ ጠጥቻለሁ። ከቦምቦሊኖ ጋር። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ።

በኋላ ሳነብና ሳበስል የገባኝ ሌላ ነው። እነሱ "ኢቺጁ ሳንሳይ" ይሉታል፤ አንድ ሾርባ፣ ሦስት ማባያ ማለት ነው። ሩዙ አይቆጠርም፣ መኖሩ የታወቀ ነው። ሁሉም በየትንንሽ ሳህኑ ይቀርባል። ጥቅሙ ያለው እዚህ አደራደሩ ላይ ነው፤ ማንም አንድ ነገር ብቻ ተመግቦ አይጠግብም። ግን የድሮው ገበታ ሁለት ቀዳዳ ነበረበት፦ ነጭ ሩዝና ጨው። ሁለቱም ብዙ ሰው ጨርሰዋል። እዚህ የማሳያችሁ ቀዳዳው የተደፈነውን ነው። ለአራት ሰው ይበቃል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሩዙን ከገብስ ጋር

ግማሽ ኩባያ የተሸከሸከ ገብስ ማታ ዘፍዝፉ። በማግስቱ ሁለት ኩባያ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። ሁለቱን ቀላቅላችሁ በሦስት ኩባያ ተኩል ውሃ ጣዱ። አጭሩን፣ የሚጣበቀውን የሩዝ ዓይነት ካጣችሁ ባስማቲም ይሆናል፤ ውሃውን ግማሽ ኩባያ ጨምሩለት። ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጉና ከድናችሁ 20 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ከእሳት አውርዱት፣ ሳትከፍቱ ሌላ 10 ደቂቃ። ክዳኑን እያነሱ ማየት ክልክል ነው፤ እንፋሎቱ ነው የሚያበስለው።

ገብሱ ለምን? በ19ኛው መቶ ዘመን የጃፓን ባህር ኃይል በቤሪቤሪ ያልቅ ነበር። እግር ያብጣል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ልብ ይደክማል። በ1882 ዓ.ም. ሪዩጆ የምትባል የማሰልጠኛ መርከብ ረጅም ጉዞ ወጣች። ከ376ቱ ሰዎች 169ኙ ታመሙ፣ 25ቱ ሞቱ። ታካኪ ካኔሂሮ የሚባል የባህር ኃይሉ ሐኪም ምግቡን ጠረጠረ። መርከበኞቹ ነጭ ሩዝ በላይ በላዩ ይበሉ ነበር እንጂ ሌላው ማባያ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በ1884 ሌላ መርከብ በዚያው መስመር ላከ፤ ስንቁን ግን ለወጠው፣ ሥጋ፣ ወተትና ዳቦ ጨመረበት። በቤሪቤሪ የሞተ አልነበረም። በኋላ ሩዙን ከገብስ ጋር ማብላት ጀመሩ፣ በሽታውም ከባህር ኃይሉ ጠፋ።

የሚገርመው ታካኪ ምክንያቱን ስቶታል። የጎደለው ፕሮቲን መስሎት ነበር። የጎደለው ሩዙ ሲፈተግ ከቡናማው ሽፋን ጋር የሚጣለው ቫይታሚን ቢ 1 ነው። ምክንያቱን ስቶ መድኃኒቱን አገኘው። የምድር ጦሩ ሐኪሞች ግን አልሰሙትም፤ ከሩሲያ ጋር በተደረገው የ1904 እና 1905 ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች በቤሪቤሪ ሞቱ።

2. ሾርባው

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። መጀመሪያ ዳሺ የሚባለውን መረቅ እናወጣለን። 10 ግራም የሚሆን ኮምቡ (የደረቀ የባህር ተክል ነው፣ የእስያ ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል) በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ሻጋታ አይደለም፣ አትጠቡት። በለስላሳ እሳት ጣዱትና ልክ ሊፈላ ሲል፣ ከታች ትንንሽ አረፋ ሲነሳ፣ ኮምቡውን አውጡ። ከፈላ ይመራል። ኮምቡውን እንዳትጥሉት፣ እመለስበታለሁ።

ሰባት መቶ ሚሊ ሊትር ያህሉን መረቅ ወስዳችሁ ካሮት፣ ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ያገኛችሁትን አትክልት ቀቅሉበት። ብዙ ይሁን። ቶፉ ካላችሁ ቆራርጣችሁ ጨምሩ። ሲበስል እሳቱን አጥፉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሚሶ፣ ድልህ የመሰለ የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ ነው፣ በጭልፋ መረቅ በጥብጡና መልሱት። ሚሶ ከገባ በኋላ አይፈላም፤ መዓዛው ይጠፋል።

የመጀመሪያዬን ሚሶ ሾርባ አፍልቼው፣ ሚሶውንም በልግስና ጨምሬው ነበር። የቀመሰች ጓደኛዬ "ቀይ ባህር ነው እንዴ?" አለችኝ። ልክ ነበረች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሚሶ ሁለት ግራም ገደማ ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። በላይኛው ልክ ከሠራችሁ ለአንድ ሰው አንድ ግራም ብዙም አያልፍም። ጣዕሙም አይጎድልም፤ ኮምቡው ይሞላዋል። ኢኬዳ ኪኩናኤ የሚባል ኬሚስት በ1908 ከኮምቡ ያወጣውና "ኡማሚ" ያለው ጣዕም ይህ ነው።

ስለ ጨው ያስጨነቅኳችሁ በምክንያት ነው። ከ1951 እስከ 1980 ድረስ ጃፓን ውስጥ ቀዳሚው ገዳይ ስትሮክ ነበር። በተለይ ብርዳሙ አካባቢ ሰው ክረምቱን የሚያሳልፈው በጨው በተቀመመ አትክልት፣ በጨዋማ አሳና በሚሶ ነበር። ናጋኖ የምትባለው ተራራማ ግዛት በ1980ዎቹ በዚህ ላይ ዘመቻ ከፈተች። የጤና በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የየጓዳውን ሾርባ ጨው ለኩ። "ሚሶ ተዉ" አላሉም፤ "ሚሶውን ቀንሱ፣ አትክልቱን ጨምሩ" ነው ያሉት። በ2010 ናጋኖ በወንድም በሴትም ዕድሜ ከ47ቱ ግዛቶች አንደኛ ነበረች።

የታይሮይድ ችግር ያለባችሁ ኮምቡ አዮዲኑ ከባድ ስለሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ወይም በደረቀ እንጉዳይ መረቅ ተኩት።

3. ቆስጣ በሰሊጥ

እነሱ በስፒናች ነው የሚሠሩት፣ ለእኔ ግን የእኛ ቆስጣ ይበልጣል። አንድ እስር ቆስጣ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩ። ግንዱ ቀድሞ ይግባ፣ ቅጠሉ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ። በጠቅላላ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ። አውጥታችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ አረንጓዴነቱ እንዳለ ይቀራል። አሁን ጨምቁት። በደንብ። እንደ ልብስ ሳይሆን እንደ ስፖንጅ፣ በመዳፍ መሀል ይዛችሁ። ያ ሁሉ እስር አንድ ጭብጥ ያህል ነው የሚሆነው፤ አትደንግጡ። ሁለት ጣት ያህል እያደረጋችሁ ቁረጡት።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ በደረቅ መጥበሻ ቁሉ። ሁለት ሦስቱ መዝለል ሲጀምር አውርዱት፣ አንድ ደቂቃ ካዘናጋችሁ ያርራል። በሙቀጫ ወቅጡት፣ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ፍሬ ሆኖ ይቅር። ሁለት የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩና ቆስጣውን ለውሱበት። ጨው አይጨመርም፣ ሶያ ሶሱ ይበቃዋል። ለጾምም ይሆናል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ግን ቅጠላ ቅጠል በድንገት አታብዙ፤ መድኃኒቱን ያዛባዋል።

4. አሳና ስኳር ድንች

አሳው አጭር ነው። ቆሮሶ ወይም ያገኛችሁትን አሳ 200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 15 ደቂቃ፣ ከላዩ ሎሚ፣ ከጎኑ የተፈቀፈቀ ፍጅል። አለቀ። በጾም ቀን ቶፉ ጠብሳችሁ በቦታው አስገቡ።

ሦስተኛው ማባያ ስኳር ድንች ነው፤ ተቀቅሎ ከነልጣጩ ይቆረጣል። ስኳር ድንች ስል ፊታችሁን አታጥቁሩ። ወላይታና ሐረርጌ ያደገ ሰው የችግር ጊዜ ምግብ ሊለው ይችላል። የጃፓን ደቡባዊ ደሴት ኦኪናዋም እንደዚያው ነበር። ከቻይና የገባው በ1605 ነው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ድረስ የደሴቱ ሰው ከምግብ ከሚያገኘው ኃይል ከግማሽ በላዩ ከሱ ነበር። በረጅም ዕድሜ ዓለም ያወቃቸው አዛውንቶች የድሃ ምግብ በልተው ያደጉ ናቸው።

ከዚያ ደሴቱ እስከ 1972 በአሜሪካ እጅ ቆየ። የጦር ሰፈሩ የታሸገ ሥጋ፣ በርገርና ጥብስ ይዞ መጣ። መኪና በዛ፣ እግር አረፈ። የ2000 ቁጥር ሲወጣ ጃፓን ደነገጠች፦ የኦኪናዋ ወንዶች በዕድሜ ከ47ቱ ግዛቶች 26ኛ ሆነው ተገኙ። ዘሩም አየሩም ያው ነው፣ የተቀየረው ሳህኑ ነው።

5. አቀራረቡ

ትሪ ላይ አታዋህዱት። ለየሰው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ፣ አንድ ሳህን ሾርባ፣ ማባያዎቹ በየራሳቸው። ሾርባውን ከመጀመሪያ አንስቶ ፉት እያላችሁ ብሉ። የኦኪናዋ አዛውንቶች ከምግብ በፊት "ሃራ ሃቺ ቡ" ይላሉ፤ ከአሥር እጅ ስምንት እጅ ስትጠግብ አቁም ነው ነገሩ። "በሞቴ" እየተባለ ዘጠነኛና አሥረኛ እጅ ለጎረሰ ለእኛ ሰው ይህ ከሁሉም ከባዱ ደረጃ ነው። እኔ ድስቱን ገበታው ላይ ማምጣት ትቻለሁ። ለመጨመር ተነስቶ ጓዳ መሄድ ካለብኝ ግማሹን ጊዜ እተወዋለሁ።

ያ የተቀቀለው ኮምቡ ደግሞ በቀጭኑ ይከተፍና ከትንሽ ካሮትና ሰሊጥ ጋር ዘይት ነክቶት ይጠበሳል። ለነገ ምሳ አንድ ማባያ ሆነላችሁ።