የአልጋ ቁራኛን በድሬዳዋ ሙቀት ሲያስታምሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ከሐረር 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሐረር ላይ ብዙ የማያስቸግር የማስታመም ልማድ እዚህ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ሕመምተኛውን ይጎዳዋል። ይህ ጽሑፍ ቤት ለቤት ለሚያክሙ ነርሶችም ለቤተሰብም ነው።

ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ማንጠፍ። ፍራሹ እንዳይበላሽ ተብሎ ነው። ላብ ግን መውጫ ያጣና ቆዳው ልብስ ስታጥብ እንደዋለች እጅ ይርሳል። የሰውነት ክብደት ሲጨመርበት ጭራ አጥንት፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ የመኝታ ቁስል ይጀምራል። ላስቲክ የግድ ከሆነ ከወገብ በታች ብቻ ይሁን፤ በላዩ ያልተጨማደደ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፍና እንደረጠበ ይቀየር።

በየ2 ሰዓቱ ሲያገላብጡም በዳሌ አጥንት ላይ ቀጥ አድርጎ ማስተኛት ሌላ ቁስል ይጋብዛል። ከጀርባ ትራስ ደግፈው 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘንብሉ። አይጎትቱ፤ ለሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አንሱ። ከባት ሥር ትራስ ሲገባ በተረከዝና በፍራሹ መካከል እጅ ማለፍ አለበት።

የተጎዳን ቦታ በቅባት ማሸት። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም። ቦታው ከዙሪያው ይልቅ ጠቁሮ፣ ሞቆ ወይም ጠጥሮ ከተገኘ ከሥሩ ያለው ሥጋ መጎዳት ጀምሯል። ማሸት ደቃቅ የደም ሥሮችን ይብስ ይጎዳል፤ መፍትሔው ክብደቱን ከቦታው ላይ ማንሳት ነው።

ኢንሱሊንን፣ የስኳር ሕመም መርፌውን፣ መስኮት ላይ ወይም ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ። ሁለቱም ያበላሹታል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የፍሪጅ ክፍል ይቀመጣል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተው ለአብዛኞቹ ዓይነቶች 4 ሳምንት ያህል ያገለግላል፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ። የድሬ ቤት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይህን ያልፋል። ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ያስገቡ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልተው ጠዋትና ማታ ውኃ ያጠጡ፣ ኢንሱሊኑን በትንሹ ውስጥ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ከድነው ነፋስ የሚነካው ጥላ ውስጥ ያኑሩ። እዚህ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጥሩ ያቀዘቅዛል። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ አይወጋም፤ ከመጀመሪያውም ደፍራሽ የሆነው ዓይነት ደግሞ በመዳፍ መካከል በቀስታ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም።

በፍቅር ማጉረስ። ትልቅ ጉርሻ ስትሮክ ያገኘውን ሰው ይጎዳዋል። ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸው ትንሽ ዝቅ ይበል፣ በሻይ ማንኪያ ይቅመሱ፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይሰጥ። ካሳላቸው ወይም ድምፃቸው ውኃ እንደያዘ ከተንገረገረ ያቁሙ። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ።

ሽንት በቱቦ የሚጠራቀምበትን ከረጢት አልጋው ላይ ማኖር። ሽንት ወደ ፊኛ ተመልሶ ኢንፌክሽን ያመጣል። ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ።

መርፌን መልሶ መክደንም ይቅር። ወፍራም የበረኪና ዕቃ ውስጥ ይጣል፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እናትየዋ አጠገብ ተኝተው እየሰሙ ልጃቸውን «ዛሬ እንዴት ናት?» ብሎ መጠየቅ። መናገር ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ይገባዋል። «እማማ፣ ሌሊት አመመዎት?» ብለው በአንቱታ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው በራስ ንቅናቄ ወይም በእጅ እስኪመልሱ ይጠብቁ። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ትንሽ የልጅ ልጅ ስለ ሰገራና ሽንት አያስተርጉም፤ እሳቸውም ያፍራሉ፣ ሕፃኑም መልሱን ያሳጥረዋል። ገላ ከማጠብ በፊት ጠያቂዎችን ያስወጡ፣ የሚያደርጉትን ይንገሩ፤ ክንድ ሲታጠብ ክንዱ ብቻ ይገለጥ፣ ደርቆ ይሸፈን፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሂዱ።