የቺፕ እጥረትና የዋጋ ንረት ሲመጣ የስልክ አምራች ትርፍ እንዴት ይነበባል?

የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርዱ። «ትርፉ ወደቀ» የሚለው ዜና ብቻውን አይበቃም፤ ለምን እንደወደቀ አይነግራችሁም።

መጀመሪያ እጥረትንና ውድነትን ለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቺፕ፣ ማለትም ስልኩን የሚያሠራው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ሲጠፋ ገዢ እያለ የሚሸጥ ስልክ አይኖርም። የሚጎዳው ሽያጩ ነው። ቺፕ ሲወደድ ግን ስልኩ ይሸጣል፤ ከእያንዳንዱ የሚተርፈው ነው የሚሳሳው። አፕል በፈረንጆቹ 2021 መስከረም ላይ ባበቃው ሩብ ዓመት፣ በአቅርቦት ችግር 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሽያጭ እንዳመለጠው ተናግሯል። ያም ሆኖ ያልተጣራ ትርፉ (ከሽያጩ የምርቱ ወጪ ብቻ ሲቀነስ የሚቀረው) የሽያጩን 42 በመቶ ያህል ነበር፤ ከዓመት በፊት ደግሞ 38 በመቶ ገደማ። እጥረቱ ሽያጩን ቢነካም ትርፋማነቱን አልሸረሸረውም።

ቀጥሎ ያልተጣራ ትርፉ ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉ፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋርም አስተያዩ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። 200 ዶላር የሚሸጥ ስልክ 170 ዶላር ወጪ አለው እንበል። ሜሞሪ፣ ማለትም መረጃ የሚይዘው ቺፕ፣ በ15 ዶላር ቢጨምር 30 የነበረው ትርፍ 15 ይሆናል፣ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። 1,000 ዶላር ተሸጦ 600 የሚያስወጣ ስልክ ላይ ግን ያው 15 ዶላር ትርፉን ከ400 ወደ 385 ቢያወርደው ነው። ስለዚህ ድርጅቱ በብዛት የሚሸጠው ርካሽ ስልክ ነው ወይስ ውድ? ይህን ሳታውቁ አትፍረዱ። በርካሽ ስልክ የሚኖር አምራች ዋጋ ቢጨምር ደንበኛው ይሸሻል፣ ባይጨምር ትርፉ ያልቃል። በጣም የሚያሳዝነኝ የእነዚህ ነገር ነው፤ ዞሮ ዞሮ ዳፋው አቅም ለሌለው ገዢ ይተርፋል።

ከዚያ የዕቃ ክምችቱን እዩ። ቀድሞ በርካሽ ገዝቶ ያከማቸ ድርጅት ለተወሰነ ጊዜ ደህና ይመስላል። ክምችቱ ሲያልቅ ነው ውድነቱ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው። በተቃራኒው ብዙ ገዝቶ ስልኩ ካልተሸጠለት፣ የዕቃውን ዋጋ ቀንሶ መመዝገብ ይመጣል፤ ያም ትርፍ ይበላል።

ሳምሰንግን ስታነቡ ጠቅላላ ትርፉ ላይ አትቁሙ። ስልክ ብቻ ሳይሆን ሜሞሪም ያመርታል። ሜሞሪ ሲወደድ የቺፕ ክፍሉ ሲያተርፍ የስልክ ክፍሉ ወጪ ይጨምርበታል። የየክፍሉን ሠንጠረዥ ለየብቻ አንብቡት።