ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ራም እንዴት እንደሚጨመር

እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ላፕቶፕ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ቲንክፓድ ኤክስ230 ነው። 4 ጊጋ ራም፣ ማለትም ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ ብቻ ነበረው። ብሮውዘር ላይ አምስት ስድስት ገጽ ከፍታ ወርድ ስታስነሳ ቀጥ ይል ነበር። ራሙን 12 ጊጋ አደረስንላትና አሁን ያለ ችግር እየጻፈችበት ነው። ፈትቶ መግጠሙ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሰው የሚሳሳተው ሲገዛ ነው፤ ስለዚህ ግዢው ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

መጀመሪያ ችግሩ የራም መሆኑን ያረጋግጡ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እንደወትሮው እየሠሩ ፐርፎርማንስ የሚለውን ይመልከቱ። ሜሞሪው ከ85 በመቶ አልወርድ ካለ ራም ያስፈልገዋል። ሜሞሪው ግማሽ ሳይሞላ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆየ ግን ገንዘብዎን ለኤስኤስዲ (ከተራው ዲስክ ለሚፈጥን ማከማቻ) ያውሉት። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነም አስቀድመው ወደ 64 ቢት ይቀይሩት፤ 32 ቢቱ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም።

ዊንዶውስ 10 ላይ እዚያው ሜሞሪ የሚለው ገጽ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ያሳያል። ማክቡክ ኤርና ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም።

አሁን ወደ ግዢው። ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም። በወርቃማ ጥርሶቹ መካከል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አልገባም ይላል፤ አያስገድዱት። ኤክስ230 ዲዲአር3 ይቀበላል፤ ሁለት ማስገቢያ ሲኖረው እስከ 16 ጊጋ ይችላል። ነባሩን ራም አውጥተው የተለጠፈበትን ወረቀት ያንብቡ። «ፒሲ3-12800ኤስ» ካለ ፒሲ3 ዲዲአር3 መሆኑን፣ 12800 ፍጥነቱ 1600 መሆኑን፣ ኤስ ደግሞ የላፕቶፕ መሆኑን ይነግርዎታል። «ፒሲ3ኤል» ከሆነ በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ ተራው የሚሠራው በ1.5 ነው። ኤል ያለበት በሁለቱም ስለሚሠራ እኔ ሁልጊዜ እሱን እመርጣለሁ። 4ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ተራው ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አንድ ሻጮች የማይነግሩን ነገር አለ። በእነዚህ የቆዩ ኢንቴል ማሽኖች ላይ ባለ 8 ጊጋው ራም 16 ጥቋቁር ቺፖች፣ በእያንዳንዱ ገጽ ስምንት ስምንት ሊኖሩት ይገባል። እኛ መጀመሪያ የገዛነው በድምሩ ስምንት ብቻ ነበሩት። ሻጩ «ይሠራል» ብሎ ማለልን፤ ስንገጥመው ስክሪኑ ጨለመ፣ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ባለ 16ቱን ስናስገባ ወዲያው ተነሳ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ራሙን ገልብጠው ይቁጠሩ።

ለመግጠም ላፕቶፑን ያጥፉ፤ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪውን ያውጡ። ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። በልብስና በምንጣፍ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፑን ሊያቃጥል ስለሚችል ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ። ኤክስ230 ላይ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ክዳን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ።

ነባሩን ለማውጣት በግራና በቀኝ የያዙትን የብረት ቅንጥቦች በጥፍርዎ ወደ ውጭ ይክፈቱ፤ ራሙ ራሱ ቀና ይላል። አዲሱን በጠርዙ ይዘው፣ ጥርሱን ሳይነኩ፣ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ያስገቡ። የወርቁ መስመር ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ይግፉት። ግማሹ እየታየ ወደ ታች መጫን ትልቁ ስህተት ነው። ከዚያ ጫን ሲያደርጉት በሁለቱም ጎን «ቀጭ» ይላል።

ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ባትሪውን መልሰው ያብሩት። ካልተነሳ እንደገና አጥፍተው፣ ባትሪውን አውጥተው፣ ጥርሱን በነጭ ላጲስ በቀስታ አሽተው ፍርፋሪውን ያራግፉና መልሰው ይግጠሙት። ከተነሳ ስታርት ላይ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ብለው ይፈልጉና ፍተሻውን ያስጀምሩት። የተበላሸ ራም አንዳንዴ ቀናት ጠብቆ ነው ማሽኑን የሚያጠፋው፤ ስለዚህ ሻጩ እንዲመልሱ የሰጠዎት ቀን ሳያልፍ ይፈትሹት።