ኪቦርዱ «እምምም» ካለ ኬብሉን እዩ፦ ባላንስድና አንባላንስድ እንዴት ይለያል?

አዳራሽ ውስጥ ፕሮግራም ሊጀመር ነው። ማይኩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኪቦርዱ ሲከፈት ግን ሞንታርቦው «እምምም» ይላል። ብዙ ሰው ሚክሰሩን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ ኬብሉን እዩ እላለሁ፦ ባላንስድ (ጩኸት ለመከላከል የተሠራ) ነው ወይስ አንባላንስድ?

ከጫፉ ጀምሩ። የማይክ ኬብል ጫፉ ክብ ነው፤ ሦስት እግር አለው። ኤክስኤልአር ይባላል፣ ባላንስድ ነው። ትልቁ የ6.35 ሚሊሜትር ጃክ ላይ ደግሞ ጥቁር ቀለበቶቹን ቁጠሩ። አንድ ከሆነ፣ እንደ ጊታር ኬብል፣ አንባላንስድ ነው። ሁለት ከሆነ ባላንስድ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ያልኩት የሄድፎን ጃክም ሁለት ቀለበት ስላለው ነው፤ እሱ የሚይዘው ግን የግራና የቀኝ ድምፅ ነው። ቀይና ነጩ አርሲኤ አንባላንስድ ነው።

አንባላንስድ ኬብል ውስጥ ድምፁን የሚወስደው አንድ ሽቦ ነው። ዙሪያውን ያለው መረብ ግራውንድም መመለሻም ሆኖ ይሠራል። ገመዱ ሲረዝም ከመብራት መስመሩ የ50 ኸርዝ ጩኸት ይለቅማል። ባላንስዱ ሁለት ሽቦ አለው። አንዱ ድምፁን እንዳለ ይወስዳል፣ ሌላው ገልብጦ። መንገድ ላይ የሚገባው ጩኸት ግን ሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። ሚክሰሩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ ድምፁ ይቀራል፣ ጩኸቱ ይጠፋል። በጣም የምወደው ብልሃት ነው። ጩኸቱን የሚያጠፋው ኬብሉ ብቻውን እንዳልሆነም ልብ በሉ።

ስለዚህ ቀጥሎ የኪቦርዱን አውትፑት እዩ። አብዛኛው ኪቦርድ አንባላንስድ ነው። ውድ ባለሁለት ቀለበት ጃክ ብትሰኩበትም ባላንስድ አይሆንም። መፍትሔው ዲአይ ቦክስ ነው፤ አንባላንስዱን ድምፅ ወደ ባላንስድ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን።

የሚክሰሩን ድምፅ ዝቅ አድርጉ። ዲአዩን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጡ፤ ሚክሰሩ ጋ ካደረጋችሁት ረጅሙ መንገድ አንባላንስድ ሆኖ ይቀራል። ከኪቦርድ ወደ ዲአይ አጭር የጊታር ኬብል፣ ከዲአይ ወደ ሚክሰሩ የማይክ መግቢያ የማይክ ኬብል ሰኩ። 30 ሜትር ቢርቅም አትስጉ። ዲአዩ አክቲቭ ከሆነ ባትሪ ወይም ሚክሰሩ በማይክ ኬብሉ የሚልከውን 48 ቮልት ይፈልጋል።

ጩኸቱ አሁንም ካልተወ ዲአዩ ላይ ያለውን «ግራውንድ ሊፍት» (የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ የሚያላቅቅ ቁልፍ) ተጫኑ። የመብራት ሶኬቱን ግራውንድ ግን በፍጹም አትቁረጡ፤ ሰው ይገድላል።

ዲአይ ከሌለ አንባላንስዱን ኬብል ከ5 ሜትር አታስረዝሙ። ከመብራት ገመድ ጎን ለጎን አትዘርጉት፤ የግድ ከተገናኙ መስቀለኛ አሳልፏቸው።