በአፋር በረሃ ከብርቱ ሙቀትና ከደራሽ ጎርፍ እንዴት ራስን መጠበቅ እንደሚቻል

ከሚሌ በሰመራ በኩል እስከ ጋላፊ ባለው መንገድ ከግንቦት እስከ ነሐሴ የሚጓዝ ወይም የሚሠራ ሰው፣ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚበልጥ ሙቀት በጥላ ሥር ሳይቀር ይገጥመዋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመነሻ ከተማ ይጀምራል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 10 ሊትር ውሃ፣ ጥቂት የኦ.አር.ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) እሽጎች፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስና ነጠላ ይያዙ። ውሃው በአንድ ትልቅ ጀሪካን ከሚሆን በሁለትና በሦስት ቢከፋፈል ይሻላል፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይተርፋል።

ከባድ ሥራን ጎህ ሲቀድ ይጀምሩና ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በጥላ ይቆዩ። በመኪና ሥር ያለውን ጥላ ግን አልመክርም፤ ከላይ የሞተሩ፣ ከታች የአስፋልቱ ግለት አለ። በሥራ ላይ ሳሉ ጥም ሳይጠብቁ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። ጫት ጥሙንና ድካሙን ስለሚያስረሳ፣ በዚህ ሙቀት ከአልኮል ባልተናነሰ ያሰጋል። ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ሥራው ይቀነስለት።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሙቀት የመታውን ሰው በመለየቱ ላይ ነው። ላቡ ካልቆመ አደጋ የለም የሚለው እምነት ሕይወት ያስከፍላል። አንድ የከባድ መኪና ረዳት ጎማ ሲቀይር ቆይቶ ስሙን ሲጠሩት የማይገናኝ ነገር ሲመልስና መፍቻውን ገልብጦ ሲይዝ አይቻለሁ፤ ሸሚዙ ግን በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ከተንገዳገደ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ ሙቀት እንደመታው ይቁጠሩት።

እንዲህ ያለውን ሰው መኪና ላይ ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሮጥ መጣደፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን እርዳታው ሩቅ በሆነበት በረሃ ውድ የሆኑት ደቂቃዎች የሚያልፉት በመንገድ ላይ ነው። አንዱ ስልክ ሲደውል ሌላው እዚያው ጥላ ሥር ያስተኛውና ልብሱን ያውልቅለት፤ ያለውን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ ያፍስስ፤ በካርቶንም ሆነ በነጠላ ሳያቋርጥ ያራግብ። በረዶ ከተገኘ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ይደረግ። የመጠጥ ውሃችን ያልቃል ብላችሁ አትሰስቱ፣ እለምናችኋለሁ። አእምሮው ለተዘበራረቀ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ያንቀዋል። ፓራሲታሞልም ይህን ሙቀት አያወርድም። ወደ ሕክምና ሲወሰድም ማርጠቡና ማራገቡ በመንገድ ላይ ይቀጥል።

የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ከአስፋልቱ ወጥተው ይቁሙ፣ መብራት ያጥፉ፣ መስኮት ይዝጉ። ከኋላ የሚመጣ ሾፌር የበራ መብራት ካየ መንገዱ በዚያ የሚሄድ መስሎት ሊከተልዎ ይችላል።

ጎርፉ ደግሞ ሰማይ ጠርቶ ሳለ ይመጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ በወሎና በትግራይ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደረቁ የወንዝ ሸለቆ ወደ አፋር ይወርዳልና። አሸዋው ለመኝታ ቢመችም በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አይትከሉ። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል፤ ስለዚህ መሻገሪያው ላይ ውሃ ካገኙ ከፍ ያለ ቦታ ይዘው እስኪጎድል ይጠብቁ።