ክሮን ላይ ሰዓት ከመሙላታችሁ በፊት

ሰርቨር ተከራይታችሁ በየሌሊቱ የሚሠራ የዳታቤዝ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) በክሮን፣ ማለትም ትእዛዞችን በተወሰነላቸው ሰዓት በራሱ በሚያስኬድ ፕሮግራም፣ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ በዴት (date) ትእዛዝ ሰርቨሩ በየትኛው የሰዓት ክልል እንደሚቆጥር አረጋግጡ። የኪራይ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ (UTC፣ የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ተስተካክለው ስለሚመጡ ከኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራሉ፤ በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር የ6 ሰዓት ልዩነት ሲጨመርበት መሳሳት በጣም ቀላል ነው። ባክአፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲጀምር ከፈለጋችሁ፣ በሰዓቱ ቦታ የሚገባው ቁጥር 8ም 2ም ሳይሆን 23 ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ቀኑን ነው፦ ለሰኞ አጥቢያ የምንለው ሌሊት ለሰርቨሩ ገና እሑድ ስለሆነ፣ ሥራው በሳምንት አንዴ ብቻ የሚካሄድ ከሆነ በሳምንቱ ቀን ቦታ የሚጻፈው 1 ሳይሆን 0 ነው።

የሰርቨሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ መቀየር ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ዋሽንግተን ያሉ ተጠቃሚዎች ቢኖሯችሁ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሚሆን፣ መረጃው በዩቲሲ ተመዝግቦ ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ቢቀየር ይሻላል። ከክሮን መስመሩ በላይም በሐሽ (#) ምልክት ጀምራችሁ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አዲስ አበባ» ብላችሁ ማስታወሻ ጻፉ።